ከጉልበት ኦፕራሲዮን በኋላ፦ ሲደርቅ፣ ሲያብጥና ሲያምሽ ምን ታደርጊያለሽ?

እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ ጉልበትሽ ታስሮ አልጋ ላይ ሆነሽ የምታነቢው ከሆነ በመጀመሪያ ፈጣሪ ይማርሽ። እኔም እንዳንቺ በሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። አሠሪዎቼ የሚኖሩት አቡዳቢ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ወደ አል አይን፣ ወደ ማዳሜ እናት ቤት እንሄዳለን። ጉልበቴን የተጎዳሁትም እዚያው አል አይን ነው። የእብነ በረዱን ደረጃ በሳሙና ውሃ ሳጥብ ሸበጤ አዳለጠኝ። አልወደቅሁም፤ ላለመውደቅ ስታገል ግን ጉልበቴ ተጠመዘዘ፣ ውስጡም ቷ ሲል ተሰማኝ።

አራት ወር በፓናዶልና በጨርቅ እያሰርኩ ሠራሁ። አንድ ቀን ቁጢጥ ብዬ መታጠቢያ ቤት ሳጸዳ ጉልበቴ ተቆልፎ ቀረ፤ መነሳት አቃተኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ ኤምአርአይ ሲነሳ ሜኒስከሱ ተቀዶ ተገኘ። ሜኒስከስ ማለት በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል ያለ፣ እንደ ላስቲክ ትራስ የሚያገለግል ነገር ነው። በትንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እያዩ የተቀደደውን ቆርጠው አወጡልኝ። ኦፕራሲዮኑ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ማገገሙ ግን አምስት ወር ወሰደብኝ፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ በራሴ አለማወቅ የመጣ ነው።

ሁለት ስህተት ሠራሁ። መጀመሪያ ዝም ብዬ ተኛሁ፤ ጉልበቴ ደረቀ። ቀጥሎ ዝም ብዬ ሥራ ጀመርኩ፤ ጉልበቴ አበጠ። የተማርኩትም ይህንኑ ነው፤ መተኛት ብቻውን አያድንም፣ የቤት ሥራም ፊዚዮቴራፒ አይደለም። የታከመ ጉልበት የሚፈልገው በልክ የሆነ እንቅስቃሴና በልክ የሆነ ዕረፍት ነው። ሁለቱንም ለማግኘት ደግሞ ለእንደኛ ዓይነት ሠራተኛ ወረቀት ያስፈልጋል።

ጉልበት ለምን ይደርቃል?

አንደኛው ምክንያት እብጠት ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ መገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ያበጠ ጉልበት በጣም መታጠፍም፣ ሙሉ በሙሉ መዘርጋትም አይወድም፤ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ሲቀመጥ ነው የሚቀለው። ከዚህም በላይ እብጠቱ የጭንን ጡንቻ ያደነዝዘዋል። እግርሽን ቀጥ አድርገሽ ለማንሳት ስትሞክሪ እንቢ ሲልሽ ሰንፈሽ እንዳይመስልሽ። ከአእምሮ የሚመጣው ትእዛዝ በእብጠቱ ምክንያት ለጡንቻው በደንብ አይደርሰውም።

ሁለተኛው ጠባሳ ነው። ቆዳ ሲድን ጠባሳ እንደሚሠራ ሁሉ በጉልበት ውስጥም ይሠራል። የሚንቀሳቀስ ጉልበት ጠባሳው እየተሳበ ይለሰልሳል፤ የማይንቀሳቀስ ግን ጠባሳው ተጣብቆ ይጠነክራል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በጣም ዋጋ ያላቸው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። “ስፌቱ ይበጠስብኝ ይሆን?” እያልን እግራችንን እንደ እንጨት እንይዘዋለን። ይህን ፍርሃት የሚያስወግደው ምን እንደተፈቀደልሽና ምን እንደተከለከልሽ በትክክል ማወቅ ብቻ ነው።

ከሐኪም ቤት ሳትወጪ የምትጠይቂያቸው አራት ጥያቄዎች

የጉልበት ኦፕራሲዮን አንድ ዓይነት አይደለም። ለእኔ የተፈቀደው ለአንቺ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ጠይቂ፦

1. ምን ተሠራልኝ? ሜኒስከሱ ተቆርጦ ወጣ ወይስ ተሰፋ? ጅማት ነው የተተካው ወይስ ጉልበቱ ራሱ በብረት ተቀየረ?
2. እግሬ ላይ ምን ያህል ክብደት ላሳርፍ? ክራንች እስከ መቼ ልያዝ?
3. እስከ ስንት ዲግሪ ልጠፈው?
4. ፊዚዮቴራፒ መቼ ይጀመራል? ቀጠሮው ተይዞልኛል ወይ?

ተቆርጦ የወጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ መራመድና ማጠፍ ይፈቀዳል። የተሰፋ ከሆነ ግን ስፌቱ እስኪይዝ ለሳምንታት ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳታጥፊ፣ ክብደትም እንድትቀንሺ ሊባል ይችላል፤ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ለወራት ይከለከላል። 90 ዲግሪ ማለት ወንበር ላይ ስትቀመጪ ጉልበትሽ የሚታጠፈው ያህል ነው።

ቋንቋው ካልገባሽ አትፈሪ፤ “ሙተርጂም” ብለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። እኔ አንድ የሐበሻ ነርስ አግኝቼ ነበር፤ ሁሌ ግን አይገኝም። ከተፈቀደልሽ የሐኪሙን መልስ በስልክሽ ቅጂና አረብኛ ለምታውቅ ጓደኛሽ አሰሚ።

የመጀመሪያው ስህተቴ፦ ትራሱ

ከሐኪም ቤት ስመለስ ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ክፍሌ ተኛሁ። ጉልበቴ ጎበጥ ሲል ስለሚቀለኝ ከሥሩ ወፍራም ትራስ ከተትኩበት። ጓደኞቼም በኢሞ እየደወሉ “እንዳትንቀሳቀሺ፣ አንድ ወር ተኚ” አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉት፤ እኛ አገር የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ ስፖርት አይሠራም።

በአሥረኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ጉልበቴን በመለኪያዋ ለካችው። ለመዘርጋት 15 ዲግሪ ይጎድለዋል፤ የሚታጠፈው ደግሞ 70 ብቻ ነው። “ሌሊት ትራስ ከሥሩ ታደርጊያለሽ አይደል?” አለችኝ። እንዴት አወቀች ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ብዙ ሰው ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም የምንጨነቀው ስለ ማጠፉ ነው፤ ከማጠፉ በፊት ግን መዘርጋቱ ይቀድማል። ጉልበትሽ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ስትቆሚም ስትሄጂም የጭንሽ ጡንቻ ዕረፍት አያገኝም። ሦስት ሰዓት ቆመሽ ስትተኩሺ ወይም ዕቃ ስታጥቢ የተጣመመ ጉልበት ላይ ነው የምትቆሚው። ከዚያ ሎሚው ያምሻል፣ ቀጥሎ ዳሌሽ፣ ቀጥሎ ወገብሽ። ስለዚህ ትራስ ካስፈለገሽ ከቁርጭምጭሚትሽና ከባትሽ ሥር ይሁን፤ ጉልበትሽ ባዶ ላይ ይንጠልጠል። እግርሽን ከደረትሽ ከፍ ካደረግሽው እብጠቱም ይቀንስልሻል።

በክፍልሽ የሚሠሩ አምስት እንቅስቃሴዎች

እነዚህ ለእኔ የታዘዙ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰጡ ናቸው። ስፌት ወይም የጅማት መተካት ከሆነ ግን ማጠፉን ሐኪምሽ ከወሰነልሽ ልክ አታሳልፊ።

አንደኛ፣ ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ። ተኝተሽ የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ ሳቢ፣ ከዚያ ግፊ። ነቅተሽ ባለሽበት ሁሉ በየሰዓቱ 20 ጊዜ። ደም እንዳይረጋ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ጉልበት መጫን። እግርሽን ዘርግተሽ የጉልበትሽን ጀርባ ወደ ፍራሹ ተጫኚ፤ የጭንሽ ጡንቻ ይወጠራል። እስከ 5 ቁጠሪና ልቀቂ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራቴ። መጀመሪያ ምንም የማይንቀሳቀስ ይመስላል፤ ቀጥዪ፣ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ማንጠልጠል። ፎጣ ጠቅልለሽ ተረከዝሽ ሥር አድርጊ፤ ጉልበትሽ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ጉልበት የሚዘረጋው በዚህ ነው። ያማል፤ ግን የመሳብ ሕመም ነው።

አራተኛ፣ ተረከዝ መጎተት። ካልሲ አድርገሽ ተረከዝሽን በፍራሹ ላይ ወደ መቀመጫሽ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ትንሽ ቆዪ፣ መልሺ። 10 ጊዜ።

አምስተኛ፣ ወንበር ላይ ማጠፍ። ተቀምጠሽ ጤነኛውን እግር በታመመው ፊት አድርገሽ በቀስታ ወደ ኋላ ግፊው። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ጨምሪ።

የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ በየጊዜው ማግኘት ለእኛ ከባድ ነው፤ መኪና ያስፈልጋል፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ባለሙያዋ እያሳየችሽ በስልክሽ ቪዲዮ እንድትቀጂ ፈቃድ ጠይቂ። እኔ ከአምስት ቀጠሮ በላይ አላገኘሁም፤ የቀረውን ከቪዲዮው ነው የሠራሁት። አንድ ጊዜ ረጅም ከመሥራት አጭር አጭሩን ደጋግሞ መሥራት ይሻላል፤ ከቁርስ በፊት፣ ቀትር ላይ፣ ከመተኛትሽ በፊት።

ደህናውን ሕመም ከመጥፎው መለየት

ሕመምሽን ከ0 እስከ 10 ስጪው። ስትሠሪ እስከ 4 ድረስ ከሆነና ካቆምሽ በኋላ ቀስ በቀስ የሚበርድ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም በማግስቱ ጠዋት ጉልበትሽ ከትናንቱ ይልቅ አብጦና ሞቆ ካገኘሽው አብዝተሻል ማለት ነው። ያን ቀን አታቁሚ፤ በግማሽ ቀንሺ እንጂ። ጠዋት ስትነሺ ደርቆ ማግኘትም የተለመደ ነው፤ ሌሊቱን ስላልተንቀሳቀሰ ነው። ከአልጋ ሳትወርጂ ቁርጭምጭሚቱንና ተረከዝ መጎተቱን ሠርተሽ ተነሺ።

በረዶ። እኛ ቤት “ቁስል ብርድ አይወድም” ይባላል፤ እኔም በረዶ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ነበር። በጊዜው ግን ከመድኃኒቱ እኩል የረዳኝ በረዶ ነው። ከፍሪዘር የአተር ፌስታል አውጪ፣ በፎጣ ጠቅልዪው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርጊበት። በቀን ሦስት አራቴ፣ በተለይ ከእንቅስቃሴ በኋላ። በቀጥታ ቆዳሽ ላይ አታድርጊ፤ ያቃጥላል። ቁስሉንም እንዳያረጥበው። ያበጠና የሚሞቅ ጉልበት ላይ ሙቅ ውሃ መያዝ ግን እብጠቱን ያብሳል።

መድኃኒት። ፓናዶል 500 ሚሊግራም ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ አይወሰድም፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ፓናዶሉ ያው ስላለ ሁለቱን አትደርቢ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከምግብ በኋላ ነው፤ የጨጓራ ሕመም ካለብሽ ለሐኪሙ ተናገሪ። ጾም ላይ ከሆንሽ፣ የረመዳንም ይሁን የዐቢይ ጾም፣ በባዶ ሆድሽ አትውሰጂው። መድኃኒቱን ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመሽ ብትወስጂ እንቅስቃሴው ይቀልሻል። ትራማዶልን ግን ከጓደኛ አትቀበዪ፣ ከአገር ቤትም አታስልኪ። ኤምሬትስ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ መያዝ እስር ቤት ሊያስገባ ይችላል።

ወጌሻ። አንዲት እህት “እኔ አሽቼ አስተካክልልሻለሁ” አለችኝ። እጇ እንደሚያድን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን አዲስ የታከመ ጉልበትን በኃይል ማሸትና መጫን ከውስጥ ያደማል፣ ስፌትም ይበጥሳል። ባትን ማሸት ደግሞ የረጋ ደም ካለ አደገኛ ነው። አመስግነሽ እለፊ።

በቤቱ ውስጥ እንዴት ትንቀሳቀሻለሽ?

ደረጃ። ስትወጪ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ስትወርጂ የታከመው ይቅደም። አንድ እጅሽ ሁልጊዜ መደገፊያውን ይያዝ። ባልዲ ወይም የልብስ ቅርጫት ይዘሽ ደረጃ አትውጪ። አንድ ክራንች ብቻ የምትይዢ ከሆነ በታመመው በኩል ሳይሆን በጤነኛው በኩል ያዢ።

በርጩማ። ቡና ለማፍላት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ማጅሊስ ምንጣፍ ላይ እግር አጥፎ መቀመጥ ለጊዜው ይቅር። ከፍ ያለ ወንበር ተጠቀሚ።

ጸሎት። መስገድ ካልቻልሽ ወንበር ላይ ሆነሽ ጸልዪ ወይም ስገጂ። በእስልምናም በኦርቶዶክስም ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፤ ልብሽ ቅር አይበለው።

መኪና። ከአቡዳቢ አል አይን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። በሦስተኛው ሳምንት ከኋላ ወንበር ከልጆቹ መካከል ታጥፌ ሄድኩ። ስወርድ ጉልበቴ አልዘረጋ ብሎ በሩን ይዤ ቆምኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ፊት ለፊት እንድቀመጥ ጠየቅሁ፤ መቀመጫውን ወደ ኋላ ገፍቼ እግሬን ዘረጋሁ፣ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ስንቆም ወርጄ ትንሽ ተራመድኩ። መኪና ውስጥም ቁርጭምጭሚትሽን ማንቀሳቀስ አትርሺ።

ሁለተኛው ስህተቴ፦ ሥራው

ሐኪሙ የ14 ቀን ዕረፍት ጽፎልኝ ነበር። ወረቀቱን ሾፌሩ ተቀብሎ ለማዳም ሰጣት፤ እኔ ምን እንደሚል እንኳን አላየሁም። 14 ቀን ሲሞላ ወደ ሙሉ ሥራዬ ተመለስኩ። “መንቀሳቀስ ጥሩ ነው ብለዋል፤ ሥራም እንቅስቃሴ ነው” ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ተንበርክኬ ወለል ወለወልኩ፣ ቁጢጥ ብዬ ከአልጋ ሥር ጠረግሁ፣ ምንጣፍ ተሸከምኩ። በሳምንቱ ጉልበቴ እንደ ሐብሐብ አበጠ፤ የዘረጋሁት ሁሉ ተመልሶ ጠፋ።

ልዩነቱ ይህ ነው። ፊዚዮቴራፒ 10 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ዕረፍት አለው፣ ክብደቱም የተለካ ነው። የቤት ሥራ ግን 10 ሰዓት ነው፣ ክብደቱን የሚለካው የለም፣ ሲያምሽ የምታቆሚበትም አይደለም።

ለምን ዝም አልኩ? እውነቱን ልንገርሽ፤ “አልችልም” ካልኩ ወደ አገሬ የሚመልሱኝ መስሎኝ ነው። መክተብም ደውዬ ስጠይቅ “ለቤት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ የሚባል የለም” አሉኝ። ውሸት ነበር።

ሕጉ ምን ይልሻል?

የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በ2022 የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 9 ነው። ከዲሴምበር 15/2022 ጀምሮ ይሠራል። ለታመመች ሠራተኛ የሚጠቅመው እነሆ፦

• በኮንትራቱ ዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለሽ። የመጀመሪያው 15 ቀን ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል፤ ቀጣዩ 15 ቀን ያለ ደመወዝ ነው። ፈቃዱ የሚገኘው ከታወቀ የሕክምና ተቋም በሚሰጥ ማስረጃ ነው።
• የዓመት ዕረፍት 30 ቀን ነው፤ የሕመም ፈቃዱ ካለቀ ከዚህ ላይ ለመውሰድ ከአሠሪሽ ጋር መስማማት ትችያለሽ።
• በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት አለሽ፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ። በሳምንት አንድ ቀን የሚከፈልበት ዕረፍትም አለሽ።
• የሕክምና ወጪ በአሠሪው ነው። በአቡዳቢ ኤሚሬት፣ አል አይንም የዚሁ ኤሚሬት ክፍል ስለሆነች፣ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ እንዲገዛ በ2005 በወጣው ሕግ ይገደዳል። ካርድሽ የትኞቹ ሐኪም ቤቶች እንደሚሠራና ፊዚዮቴራፒ ስንት ጊዜ እንደሚፈቅድ ሐኪም ቤቱ መቀበያ ላይ ጠይቂ።
• ፓስፖርትሽንና መታወቂያሽን ራስሽ ጋር የመያዝ መብት አለሽ። ያለ ኤምሬትስ መታወቂያ ሐኪም ቤት ስለሚያስቸግር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።
• ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ለሐኪሙ እንደዚያው ብለሽ አስጽፊ። “ወደቅሁ” ብቻ አትበዪ፤ “ደረጃ ሳጥብ ተጎዳሁ” በዪ። ካሳ ለመጠየቅ የሚረዳሽ ይህ ጽሑፍ ነው።

አስተውዪ፣ 30 ቀን ለብዙ የጉልበት ኦፕራሲዮን አይበቃም። ጅማት ከተተካ ወይም ሜኒስከስ ከተሰፋ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ከዕረፍት ወረቀቱ እኩል የሚያስፈልግሽ የቀላል ሥራ ወረቀት ነው።

እኔ በአራተኛው ሳምንት ስመለስ ሐኪሙን ለመንኩት፤ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ ለስድስት ሳምንት መንበርከክ፣ ቁጢጥ ማለት፣ መሰላል መውጣትና ከባድ ዕቃ መሸከም አትችልም፤ በየሰዓቱ ጥቂት ትቀመጥ። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ራሴ ለማዳም ሰጠኋት። አንብባ ሲያበቃ “ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?” አለችኝ። ረጅም እጀታ ያለው መወልወያ ተገዛ፤ ልብስ የምተኩሰውና አትክልት የምከትፈው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሆነ። ከባዱን ወለል ሌላ ሰው በሳምንት ሁለቴ እየመጣ አጠበው። ሥራው አልቆመም፤ እኔም ዳንኩ።

ሁሉም አሠሪ እንዲህ አይደለም፤ አውቃለሁ። ወረቀቱን አሳይተሽ እንቢ ካለች በጽሑፍ፣ በዋትሳፕ በአጭሩ ላኪላት፤ ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ የሰው ሀብትና የኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴርን በ600590000 ወይም በ80084 ደውዪ፤ አቤቱታ ማቅረብ ነፃ ነው። አቤቱታ ሳታቀርቢ ግን ከቤት አትውጪ፤ “ጠፋች” ተብሎ ሪፖርት ከተደረገብሽ ነገሩ ይወሳሰባል። አቡዳቢ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲም የዜጎችን ጉዳይ ይቀበላል።

የምትፈልጊያቸው የአረብኛ ቃላት እነዚህ ናቸው፦ ሩክባ፦ ጉልበት። ወጀዕ፦ ሕመም። ዐመሊያ፦ ኦፕራሲዮን። ኢጃዛ መረዲያ፦ የሕመም ፈቃድ። ተቅሪር ጥቢ፦ የሕክምና ማስረጃ። ዒላጅ ጠቢዒ፦ ፊዚዮቴራፒ። ሹጉል ኸፊፍ፦ ቀላል ሥራ።

የማዳምን እናት የምታስታምሚ ከሆነ

ብዙዎቻችን የሽማግሌዎችን ጉልበት እናስታምማለን። የእኔ ማማ ከቢራ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ ጉልበቷን በብረት ቀይራለች፤ ስታለቅስ አዝኜ “በቃ ተኚ” እያልኩ እንቅስቃሴውን አስቀርላት ነበር። ዛሬም በደንብ አይታጠፍላትም። ደረጃ ለመውጣት ጉልበት ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለበት፤ ከወንበር ለመነሳትም ከ90 በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ የሠራሁትን አትድገሚ። ከመድኃኒቷ በኋላ አሠሪያት፣ እግሯን ግን በኃይል አትጫኚ፤ ራሷ ታጥፈው። ስታነሻትም ጉልበትሽንና ወገብሽን ጠብቂ። የተቀየረ ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታጠፈ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሩ፤ በማደንዘዣ ተኝታ ሐኪሙ የሚያጥፍበት ሕክምና አለ፤ የሚሻለውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲሆን ነው።

የእኔ ጉልበት በሕመም ላይ ሳለ ማማ ከቢራ ወንበሯን ከወንበሬ አጠገብ አስጠጋችና “ያላ፣ አብረን” አለችኝ። እሷ ስትቆጥር እኔ አጠፍኩ፤ እኔ ስቆጥር እሷ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

እነዚህን ካየሽ ጠዋት እስኪሆን አትጠብቂ፦

• ባትሽ በአንድ በኩል ካበጠ፣ ከቀላና ሲነካ ካመመሽ፦ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ይህ አደጋ ስለሚጨምር ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ምስጢርሽን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው።
• ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ፦ ወዲያውኑ 998 አምቡላንስ ደውዪ።
• ትኩሳትሽ ከ38 በላይ ከሆነ፣ ቁስሉ መግል ካወጣ ወይም ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ።
• ጉልበትሽ ድንገት ተቆልፎ ከቀረ ወይም ክብደት መቀበል ካቃተው።

ማታ ከሆነና የሚወስድሽ ከሌለ ማዳምን ቀስቅሺ። አትፈሪ። እንደ ሼክ ሻክቡጥ ሜዲካል ሲቲ በአቡዳቢ፣ እንደ ተዋም በአል አይን ያሉ ትልልቅ ሐኪም ቤቶች ድንገተኛ ክፍል አላቸው።

መቼ ይድናል?

ስፌት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል። ለእኔ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋው በሦስተኛው ወር ነው፤ ደረጃ ሳልደገፍ የወጣሁት በአራተኛው፤ ሙሉ ሥራ የጀመርኩት በአምስተኛው። ዛሬም ቁጢጥ ብዬ ረጅም መቆየት አልችልም፤ ረጅም ስቀመጥም ትንሽ ይደርቃል፣ ስራመድ ይለቃል። በትክክል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ያነሰ ጊዜ ይወስድ ነበር።

አንቺ ግን ዛሬ ጀምሪ። ከጉልበትሽ ሥር ያለውን ትራስ አውጪ፣ ቁርጭምጭሚትሽን 20 ጊዜ አንቀሳቅሺ፣ የዕረፍት ወረቀትሽንም የት እንዳለ ጠይቂና ፎቶ አንሺው። ይህ ጽሑፍ የሐኪምሽን ትእዛዝ አይተካም፤ ጥያቄሽን ይዘሽ እንድትሄጂ ግን ይረዳሻል። ይህን ጉልበት ይዘሽ ወደ እናትሽ ቤት የምትመለሺው አንቺ ነሽ፤ ጠብቂው።